ድምፁ አለኝ፣ ኖታ ግን አላነብም፤ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለኛል?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 17 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው። 11ኛ ክፍልን ልጨርስ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምመራውም እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ድምፅ፣ ማለትም አዘፋፈን፣ መማር እፈልጋለሁ። የትምህርት ቤቶቹን መስፈርት ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ጣልያንኛ ይላል፣ ኖታ ይላል፣ ፒያኖ ይላል። እኔ ኖታ አላነብም። ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። የዘመርኩትም በአማርኛና በግዕዝ ብቻ ነው። ከበዓል በኋላ ደግሞ ድምፄ ለቀናት ይዘጋል። አባቴ ‹ለመዝፈን ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?› ይለኛል። ዘግይቻለሁ? ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አልዘገየሽም። ጊዜ ተርፎሻል ማለት ግን አይደለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጉት ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው። አሁን አፕሪል ላይ ነን። ሰባት ወር ከምናምን አለሽ። በሰባት ወር የኦፔራ ዘፋኝ አትሆኚም፤ ማንም ይህን አይጠብቅብሽም። ለኦዲሽን፣ ማለትም መምህራን ፊት ዘፍነሽ ለምትፈተኚው የመግቢያ ፈተና፣ የሚበቃ ዝግጅት ግን ይደረስበታል። እኔም በዚሁ በር ያለፍኩ ነኝ፤ ዛሬ ድምፅ አስተምራለሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቆጠርሽው የሌለሽን ብቻ ነው። ያለሽን ደግሞ እኔ እቆጥርልሻለሁ። መጀመሪያ ግን መስፈርቱ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

«ድምፅ መማር» አንድ ዓይነት ዲግሪ አይደለም። ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ የሚባለው ሙያተኛ የሚያወጣው ነው። ከ120 ክሬዲት ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሙዚቃ ነው። ባችለር ኦፍ አርትስ የሚባለው ላይ የሙዚቃው ድርሻ ከግማሽ በታች ነው፤ ሌላ ትምህርት ጎን ለጎን መያዝ ለሚፈልግ ይመቻል። ሦስተኛው የሙዚቃ መምህርነት ነው። ድምፅ እየተማርሽ፣ በትምህርት ቤት ለማስተማር የሚያበቃሽን ፈቃድ ለማግኘት ትዘጋጂበታለሽ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ኦዲሽን ይጠይቃሉ።

ሁሉም የአውሮፓው ክላሲካል ሙዚቃ ነው ብለሽም አትደምድሚ። ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ድምፅ ያስተምራል። ቦስተን ያለው በርክሊ በፈለግሽው የሙዚቃ ስልት ኦዲሽን ያደርግሻል፤ በዚያው ልክ ግን ኢምፕሮቫይዝ አድርጊ (እዚያው ፈጥረሽ ዝፈኚ) ይልሻል፣ ጆሮሽን ይፈትናል፣ ኖታ ያስነብብሻል። ልብሽ የትኛው ጋ እንዳለ ራስሽን ጠይቂ። ጣልያንኛ አይተሽ ከደነገጥሽ ግን ያየሽው የክላሲካሉን መስፈርት ነው። ከዚህ በኋላ የምነግርሽም ስለሱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። በሩ ሁለት ነው። ዩኒቨርሲቲው በክፍል ውጤትሽ ይቀበልሻል፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በኦዲሽን። አንዱ ተቀብሎሽ ሌላው ላይቀበልሽ ይችላል። ስለዚህ ስለ መዝሙሩ ብለሽ ሒሳቡን አትጣይው።

ኦዲሽኑ ብዙ ቦታ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቪዲዮ ትልኪያለሽ። ቪዲዮው ካለፈ ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ በአካል ይጠሩሻል። የሚጠየቀው እንደ ትምህርት ቤቱ ከሁለት እስከ አራት ዘፈን ነው። በተለምዶ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በጣልያንኛ ይሆናል። ሁሉም በቃል ነው፤ ወረቀት ይዞ መቆም የለም። በፒያኖ የሚያጅብሽን ሰው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያቀርባል። ፖፕ፣ የካራኦኬ ትራክ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አብዛኛው ቦታ ለዚህ አይሆንም። መዝሙሩን ስለናቁት አይደለም። ከሁሉም ተፈታኝ ተመሳሳይ ነገር ሰምተው ማወዳደር ስለሚፈልጉ ነው።

በዘፈን ምርጫ ላይ አጥብቄ የምለምንሽ አለ። ትልቅ የኦፔራ አሪያ (በኦፔራ ውስጥ ለአንድ ዘፋኝ የተጻፈ ዘፈን) ይዘሽ እንዳትሄጂ። ዩትዩብ ላይ የ40 ዓመት ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ስትዘፍነው አይተሽ «ይሄን ብዘፍን ይደነግጣሉ» ልትይ ትችያለሽ። እውነትም ይደነግጣሉ፤ ላንቺ ጉሮሮ አዝነው። የ17 ዓመት ድምፅ ገና እያደገ ነው። ሶፕራኖ ነኝ ወይስ ሜዞ (ከሶፕራኖ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ) የሚለውንም አሁን መቁረጥ የለብሽም። አሜሪካ ውስጥ የጀማሪዎች ሁሉ መነሻ የሆነ የ24 የጣልያን ዘፈኖችና አሪያዎች ስብስብ አለ፤ ሸርመር የሚባለው አሳታሚ ነው የሚያወጣው። ለከፍተኛና ለዝቅተኛ ድምፅ ተለይቶ ይሸጣል፤ ላይብረሪም ታገኚዋለሽ። «ካሮ ሚዮ ቤን» የሚለው እዚያ ውስጥ ነው። አጭር ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ትንፋሽሽን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቀላል ዘፈን በንጽህና መዝፈን ከባዱን እየታገሉ ከመዝፈን በብዙ ይበልጣል።

አሁን ወዳለሽ ነገር ልምጣ። ጣልያንኛ አስፈራኝ ብለሻል። እህቴ፣ ከክፍል ጓደኞችሽ ሁሉ ለጣልያንኛ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ። ፊደል ስትቆጥሪ ምን አልሽ? መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ። ከሰባቱ ግዕዙንና ሳድሱን አውጪ። የቀሩት ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ሞ የጣልያንኛ አናባቢዎች ናቸው። ኤ እና ኦ ጠበብና ሰፋ ብለው በሁለት ይከፈላሉ እንጂ መሠረቱ ይኸው ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ልጅ «አሞሬ» በል ሲሉት «አሞሬይ» ይላል። መጨረሻዋ ላይ «ይ» ሳያውቀው ትገባበታለች። መምህሩ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያንን «ይ» ሲያባርር ይከርማል። አንቺ ጋ የለም። የኛም ችግር ግን አለ። ቤትን «ብየት»፣ ሞትን «ምዎት» የምናስመስልበት ልማድ አለን። ራስሽን በስልክ ቅጂና አዳምጪ። ካለብሽ ንጹሕ «ኤ» እና ንጹሕ «ኦ» እስኪሆን አጥሪው።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ጣልያንኛ ላልቶ የሚነበበው «ኖኖ» ዘጠነኛ ማለት ነው፤ መካከሉ ሲጠብቅ አያት ይሆናል፣ ወንድ አያት። አሜሪካዊ ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት ለመስማት እንኳ ወራት ይፈጅባቸዋል። አንቺ «ገና አልደረሰም» እና «ገና ደረሰ» ስትዪ ሳታስቢው ትለዪዋለሽ። አማርኛ በነጻ የሰጠሽ ሥልጠና ነው። በዲግሪው ውስጥ ዲክሽን የሚባል ትምህርት አለ። የእንግሊዝኛ፣ የጣልያንኛ፣ የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ ቃል አወጣጥ በዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል እየተጻፈ ይሰጣል። ጀርመንኛውና ፈረንሳይኛው ያታግልሻል፤ ጣልያንኛው ግን እንደ ዘመድ ነው የሚቀበልሽ።

በቃል ማጥናትስ? አንድ በዓል ላይ ስንት መዝሙር በቃልሽ ትይዣለሽ? ሌሎቹ ሦስት ዘፈን በቃል ለመያዝ ሲጨነቁ አንቺ ይህ ጭንቀትሽ አይሆንም።

እንግዲህ የጎደለሽ ጋ ደረስን። በግልጽ ልንገርሽ። ድምፅሽ ያስገባሽ ይሆናል። አራት ዓመት የሚያቆይሽ ግን ጆሮሽና ጣትሽ ነው። ግሩም ድምፅ ይዘው ገብተው በሁለተኛው ዓመት የወጡ ልጆች አውቃለሁ። አንዳቸውም በድምፅ አልወደቁም። የጣላቸው ቲዎሪ (የሙዚቃ ሕግጋት ትምህርት)፣ የጆሮ ልምምድና ፒያኖ ነው። ቲዎሪና የጆሮ ልምምድ በተለምዶ አራት ሴሚስተር ይወስዳል። ፒያኖው ላይ የብቃት ፈተና አለ፤ ብዙ ቦታ እሱን ሳታልፊ አትመረቂም። ስኬል (በተርታ የሚወጡና የሚወርዱ ድምፆች) መጫወት፣ ለቀላል ዜማ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መስጠት፣ ያላየሽውን ኖታ ቀስ ብለሽ ማንበብ ይጠየቃል። በአሥራዎቹ መጨረሻ ለጀመረ ሰው የሚቻል ነው። ዛሬ ለጀመረ ሰው ደግሞ ይቀላል።

ከጆሮ እንጀምር፤ እዚህም መነሻ አለሽ። ብዙዎቹ መዝሙሮቻችን በቅኝት ናቸው፣ ባምስት ድምፅ። ከቅኝቶቹ አንዱን፣ ትዝታ ሜጀርን፣ ፒያኖ ላይ ስታወጪው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ቲ የሉም። የአውሮፓው ሜጀር ስኬል ግን ሰባት ድምፅ አለው፤ ከሚ ወደ ፋ እና ከቲ ወደ ዶ ያሉት ጠባብ ደረጃዎች ናቸው፣ ግማሽ ድምፅ የሚባሉት። በትዝታ ያደገ ጆሮ እዚያ ሲደርስ ይዘላል ወይም ከፍ አድርጎ ይስተዋል። ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። ባቲ የሚባለውን ቅኝት ዘምሪ! ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ ነው። ሁለቱም ጠባብ ደረጃዎች እዚያው ውስጥ ተቀምጠዋል። በባቲ የሆነ የምታውቂውን ዜማ ያዢ፤ ቀስ ብለሽ እያልሽው ሁለቱ ድምፆች የሚጠጋጉበት ቦታ ስትደርሺ ቁሚ። ፒያኖ ላይ ሁለቱን ቁልፎች እየነካሽ አመሳስዪ። አፋችን የሚያወጣው ድምፅና የፒያኖው ድምፅ አንዳንዴ በከፍታ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ ለዚህ ፈተና የሚዳኘው ፒያኖው ነው። ጠባቧን ደረጃ አንዴ ከለየሽ ሌላው ይከተላል።

ኦዲሽን ላይ ጆሮን የሚፈትኑት እንዲህ ነው። መምህሩ አምስት ስድስት ድምፅ ያለው አጭር ዜማ ይመታና «መልሺው» ይላል። ወይም ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ይመታና «የመሐከሉን ዘምሪልኝ» ይላል። የመጀመሪያው ላንቺ ምንም አይደለም፤ መሪጌታ ወይም አስተማሪ ሲያወጣልሽ ተቀብለሽ ነው ያደግሽው። ሁለተኛው ግን ልምድ ይፈልጋል። ሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችሁም የምትዘምሩት አንድ ዜማ ነው፤ ሌላ ዜማ እየተዘመረ የራስን ይዞ መቆየት አልለመድሽም። ስለዚህ በመጪው ዓመት የትምህርት ቤትሽ ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ውስጥ ግቢ። አልቶ (ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ የሚይዙት) ውስጥ አስገቡኝ በይ። ዋናውን ዜማ ጎረቤትሽ እያለችው አንቺ የታችኛውን ስትይዢ፣ መጀመሪያ ይጎትትሻል፣ ትስቻለሽ። ወር ሁለት ወር ስጪው።

ኖታን ደግሞ እንደ ባዕድ ነገር አትይው። የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ገልጠሽ ታውቂያለሽ? ከቃሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል። ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ይዘት። ድምፅን በምልክት መጻፍ ቅድመ አያቶችሽ ቤት የነበረ ሙያ ነው። አምስቱ መስመር ሌላ ሥርዓት ነው፣ ሥራው ግን ተመሳሳይ ነው። በቀን 15 ደቂቃ ስጪው። ብዙ ሰዓት አንድ ቀን ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል። ፒያኖ መግዛት የለብሽም፤ ያገለገለ ትንሽ ኪቦርድ ለጊዜው ይበቃል። ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላ ብዙ ቦታ የቲዎሪ መመዘኛ ይሰጣል። ዝቅ ካለብሽ ከመሠረቱ የሚያስጀምር ክፍል ትገቢያለሽ። በዚህ ምክንያት የሚባረር ሰው ብዙም የለም።

የኦዲሽን ቀን የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ አንቺ ላይ እንዳይደርስ። ኖታዬን ከመጽሐፍ ኮፒ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ልቅ ወረቀቶች፣ አራት ገጽ። አጃቢው ፒያኖው ላይ ሲያስቀምጣቸው ቀና ብሎ አየኝ። ኮፒው ሲነሳ የገጹ የታችኛው ጫፍ ተቆርጧል፤ የግራ እጁ መስመር ግማሹ የለም። ሰውየው እንደምንም ገምቶ ተጫወተ። እኔ ግን ከስር የለመድኩትን ድምፅ ሳጣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ተንገዳገድኩ። ስለዚህ ኮፒሽን ጫፍ እስከ ጫፍ እዪው። ገጾቹን በተርታ ማኅደር ውስጥ አስገቢ፤ አጃቢው እንዲገልጥ እንጂ ወረቀት እንዲለቅም አታድርጊው። ትንፋሽ የምትወስጂበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከመጀመርሽ በፊት ጠጋ ብለሽ ፍጥነቱን በለሆሳስ ሁለት ሐረግ ዘምሪለት። ዘፈኑ መሐል «በቃ፣ አመሰግናለሁ» ቢሉሽ አትደንግጪ። ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ የሚፈልጉትን ሰምተው ነው።

መዝሙር ላይ ድምፅሽን የምታርገበግቢበትን፣ መጨረሻውን የምትሰብሪበትን ልማድ ጣልያንኛው ላይ አታምጪው። እዚያ የተጻፈውን ብቻ ቀጥ አድርገሽ ዘምሪ። ቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ደግሞ ያው የራስሽ ነው፤ ማንም እንዲወስድብሽ አትፍቀጂ። ሁለቱን ለያይቶ መያዝ ይቻላል፣ ሁለት ቋንቋ እንደምትናገሪው።

ከበዓል በኋላ ድምፅሽ ለቀናት መዘጋቱ ግን አሳስቦኛል። ከከበሮው በላይ ለመሰማት በደረት ድምፅ (በወፍራሙ፣ በምትናገሪበት ድምፅ) ወደ ላይ እየገፋሽ ይመስለኛል። ጉሮሮ ይህን ለጥቂት ዓመት ይችላል እንጂ ሁሌ አይችልም። መዘጋቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ዘማሪ መሆንሽንም ንገሪያቸው። ሲዘጋ ዝም በዪ። ማንሾካሾክ እረፍት አይደለም።

የቀን መቁጠሪያውንም እዪው። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20። ኦዲሽኖቹ የሚጀምሩት ልክ እዚያ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘምረሽ በሦስተኛው ቀን ኦዲሽን መቆም አይሆንም። ቀን የመምረጥ ዕድል ከሰጡሽ ፌብሩዋሪን ምረጪ። ካልሆነ ያን ዓመት መሪነቱን ለጓደኛሽ ስጪና አንቺ ተቀባይ ሁኚ። ቪዲዮውን ደግሞ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ጨርሺ። ውሃ ሳይጠጡ ቀኑን ሙሉ መቅረጽ ጉሮሮን ያደርቃል። የኦዲሽኑ ቀን ጾም ላይ ከዋለ አስቀድመሽ የነፍስ አባትሽን አማክሪ።

መምህር ያስፈልግሻል። ይህን ብቻሽን አትወጪውም። የግል ትምህርት ውድ መሆኑን አውቃለሁ። መጀመሪያ የኳየር መምህርሽን ጠይቂ፤ ለኦዲሽን እየተዘጋጀሁ ነው ስትያቸው በምሳ ሰዓት የሚያግዙ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ አካባቢሽ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ማስተርስ የሚማሩ ዘፋኞችን ፈልጊ፤ ከአስተማሪዎቻቸው በጣም ባነሰ ዋጋ ያስተምራሉ። ማመልከት ለምትፈልጊበት ትምህርት ቤት የድምፅ መምህር ደግሞ ኢሜይል ጻፊ፤ አንድ የሙከራ ትምህርት ይሰጡኝ ይሆን ብለሽ ጠይቂ። ይህ የተለመደ ነው፣ ድፍረት አይደለም። አራት ዓመት በየሳምንቱ ለብቻሽ የምትቀመጪው ከዚያ ሰው ጋር ነው። ከትምህርት ቤቱ ስም ይልቅ ያንን ሰው ምረጪ። ስኮላርሺፕም ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚያው ኦዲሽን ነው። ለሜሪላንድ ነዋሪ ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍያው ከሌላ ስቴት ከሚመጣው ይቀንሳል።

በዚህ ዓመት ባይሳካስ? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ቲዎሪና ፒያኖ ጀምረሽ ማዛወር ትችያለሽ። ኦዲሽኑን እንደገና ታደርጊያለሽ፣ ያ ብቻ ነው።

ከአባትሽ ጋር አትጣዪ። ጥያቄው የስድብ አይደለም፤ ከየት ትበያለሽ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በዲግሪ እንደሚያስመርቅ አስታውሺው። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ በኋላ ቦስተን በርክሊ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ። ይህን ግን ለክርክር አታውጪው፤ አባት በክርክር አይረታም። ይልቅ በዓይኑ ይይ። የድምፅ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመት ላይ የግማሽ ሰዓት፣ ሲመረቁ ደግሞ የአንድ ሰዓት ያህል ዝግጅት ለሕዝብ ያቀርባሉ፤ ሪሳይታል ይባላል። አፕሪልና ሜይ ላይ በየሳምንቱ አለ፣ አብዛኛው በነጻ ነው። ካንቺ የሦስት አራት ዓመት ታላቅ የሆነች ልጅ ያለ ማይክ፣ በአራት ቋንቋ፣ ሁሉንም በቃሏ ስትዘፍን ይሰማል። ወላጆቿም ብዙ ጊዜ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። የኮሌጅ ፓርክን የዝግጅት ፕሮግራም ክፈቺና ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሰዓት የሚውል አንዱን ምረጪ። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ በልታችሁ አብራችሁ ሂዱ።